ሦስተኛ ደረጃ የጻፍኩት መቀስ

ሰው ሁሉ «ሲስተር» ይለኝ ነበር። ሲስተር አልነበርኩም። የተማርኩት የጤና ረዳትነት ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ መርፌ ስወጋ ያየኝ ሁሉ ሲስተር ሲለኝ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ስለሚለኝ አላርመውም ነበር። ያኔ ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ብርዱን የለመድኩ፣ አፌ ፈጠን ያለ፣ የእጅ ጽሑፌ የሚያምር፣ በጽሑፌም ከልክ በላይ የምኮራ ልጅ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። የተመደብኩት ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። ስሟን አልጠራም። ዛሬም ሰው ይሠራባታል፣ ዛሬም ሰው ይወለድባታል። የማወራው ጥፋት የእኔ እንጂ የቤቲቱ አይደለም።

ሁለት ሆነን ነበር የምንሠራው። ኃላፊያችን ጋሽ ደምሴ በድሬሰርነት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁስል አጥቦ በማሰር ማንም የማይደርስባቸው፣ ወረቀት ሲያዩ ግን ራሳቸውን የሚያማቸው ሰው ነበሩ። ስለዚህ ወረቀት የተባለ ሁሉ የእኔ ነበር። ሪፖርቱም፣ የካርድ መዝገቡም፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤም። ጋሽ ደምሴ የሚፈርሙበትን ቦታ ብቻ በጣቴ አሳያቸዋለሁ፤ እሳቸውም «አንቺ ካልሽ» ብለው ይፈርማሉ።

አንድ ቀን ከበላይ ሰርኩላር መጣ። እንደዚያ ዘመን ደብዳቤ ሁሉ ከግርጌው መፈክር አለው። ከመፈክሩ በላይ ያለው ነገር ግን ቁም ነገር ነበር። ላምባ ጠፍቷል። የሕክምና መሣሪያ የምንቀቅልባት ኦቶክሌቭ ክዳኗ በብሎን የሚታሰር፣ እንፋሎት ውስጧ ታምቆ ጀርም የሚገድልባት ትልቅ ድስት ናት። የምትሠራው በላምባ ምድጃ ነው፤ ላምባው ደግሞ በራሽን ሆኗል። እስከዚያ ቀን ድረስ መቀሱም፣ መርፌውም፣ ጉጠቱም ተሰብስቦ አንድ ላይ ይገባ ነበር። አሁን ግን ያላችሁን ዕቃ በሚያስከትለው አደጋ መጠን በሦስት ደረጃ ለዩ ተባልን። አንደኛ ደረጃ ሕያው ሥጋ የሚቆርጥ፣ የሚወጋ ወይም ደም ውስጥ የሚገባ ነው፤ እሱ በእንፋሎት ይቀቀላል። ሁለተኛ ደረጃ እንደ አፍና አፍንጫ ያለውን እርጥብ የሰውነት ክፍል የሚነካ ነው፤ እሱ በፈላ ውሃ። ሦስተኛ ደረጃ ያልቆሰለ ቆዳ ብቻ የሚነካ ነው፤ እሱ በአልኮል ከተወለወለ ይበቃዋል። ለእያንዳንዱ ዕቃ ደረጃውንና ምክንያቱን ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ላኩ ይላል።

እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ ድግስ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ዕቃውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አንድ በአንድ እያነሳሁ ሄድኩ። ምላጭ፣ መስፊያ መርፌ፣ ይኼ አያጠያይቅም፤ አንደኛ። የጥርስ መንቀያው ጉጠት አፍ ውስጥ ስለሚገባ ሁለተኛ ነው ብለው ጋሽ ደምሴ ሲሟገቱኝ፣ ድድ ይደማል ብዬ አንደኛ ላይ ጻፍኩት። በትክክል። ቴርሞሜትሩ ሁለተኛ፣ የደም ግፊት መለኪያው ሦስተኛ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ እትብት መቁረጫው መቀስ ጋ ደረስኩ።

እሱ ላይ ቆም አልኩ። «ሕያው ሥጋ የሚቆርጥ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። እትብት ሥጋ ነው? አስቡት እስቲ። ሲቆረጥ እናትየዋንም አያማት፣ ልጁንም አያመው። ከታሰረ በኋላ ደም የለውም። ተቆርጦ ይቀበራል፤ የቀረውም ጉማጅ ደርቆ በራሱ ይወድቃል። እኛ አገር ሰው ስለ ትውልድ ቦታው ሲጠየቅ እትብቴ የተቀበረበት ይላል፤ የሚቀበር ነገር ደግሞ ሕያው አይደለም። እንደ ጥፍር፣ እንደ ፀጉር ነው ብዬ አሰብኩ። ጋሽ ደምሴ «ደምስ አይነካም እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔም ከታሰረ በኋላ እኮ ነው የሚቆረጠው ብዬ መለስኩላቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲህ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ተዉት። ሦስተኛ ደረጃ ብዬ ጻፍኩ። በምክንያቱም ዓምድ ላይ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ «እትብት ሥጋ ስላልሆነ» ብዬ አሰፈርኩ። እሳቸው ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ።

ሰርኩላሩ እንደሚያዘው ዕቃውንም በየደረጃው ለየነው። አንደኛ ደረጃ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። ሦስተኛ ደረጃ መሳቢያ ውስጥ። ስለዚህ የእትብቱ መቀስ ከፋሻ መቁረጫው ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ዋለ። ሁለቱ መቀሶች ደግሞ እኅትማማች ይመስላሉ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ገበሬ ማረሻ እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ ላይ አፈርና እበት እንደያዘ መጣ። ጋሽ ደምሴ አጥበው ሲያስሩለት እጃቸው የገባውን መቀስ አንስተው ፋሻውን ቆረጡበት። የትኛው እንደነበረ እሳቸውም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ። ተወልውሎ ተመለሰ። ሦስተኛ ደረጃ ነዋ፤ ምን ልዩነት አለው።

ከድጃ የመጣችው ከዚያ በኋላ በአምስተኛው ቀን ነው። ከአልዩ አምባ ሽቅብ በበቅሎ፣ ምጧ ጀምሮ። በቅሎዋን የሚጎትተው ባሏ ሰይድ ነው፤ ጨውና ጨርቅ ቆላና ደጋ እያመላለሰ የሚነግድ፣ ዝምተኛ ወጣት። ከኋላ እናቷ እማማ ሩቅያ ትከተላለች። እማማ ሩቅያን አገሩ ሁሉ ያውቃታል፤ አልዩ አምባ ውስጥ ግማሹን ሰው ያዋለደች የልምድ አዋላጅ ናት። ሌላው ሴት ሁሉ ወደ እሷ ሲሄድ እሷ የራሷን ልጅ ይዛ ወደ እኔ መጣች። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ኩራቴ ነው የጨመረው።

አወላለዷ ቀላል ነበር። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ገባች፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ወለደች። ሴት ልጅ፣ ወፈር ያለች፣ ጩኸቷ ጣሪያ የሚያነሳ። እማማ ሩቅያ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጄን ታያለች። መሳቢያውን ከፍቼ መቀሱን በአልኮል ስወለውል ዓይኗ ተከተለኝ። እሷ ምላጭ በእሳት ሳታሳልፍ እንደማትቆርጥ ነገረችኝ። እኔም እማማ፣ ይኼ እኮ ከመንግሥት የመጣ ነው፣ የጓዳ ምላጭ አይደለም ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። አንቺ ታውቂያለሽ አለችኝ። ቆረጥኩ።

ሰይድ ገብቶ በልጅቷ ቀኝ ጆሮ አዛን አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለሰባተኛው ቀን በግ እንደሚያርድ፣ ስሟም ያን ቀን እንደሚወጣ፣ እኔ ሳልመጣ ግን ስም እንደማይወጣላት ነገረኝ። እማማ ሩቅያም ክርስቲያን የሚያርደው ለብቻው ይዘጋጅልሻል፣ ሰበብ እንዳታበዢ አለችኝ። ማረፍ አለባት ብል ማን ሰምቶኝ፤ ከድጃ ተመልሳ በቅሎው ላይ ወጣችና እየሳቀች እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ጋሽ ደምሴን አስፈቅጄ በጠዋት ወረድኩ። ነጭ ኮፍያ በኪሮሽ ሠርቼላታለሁ። ያ መንገድ ስትወርዱበት ጉልበት ይበላል እንጂ ያምራል፤ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ደረጃ በደረጃ ትገባላችሁ። እየዘፈንኩ ነበር የምሄደው ብላችሁ አትስቁብኝ። እግሬ ላይ የድግስ ጫማ አለ፣ ሆዴም ባዶ ነው፣ ሆን ብዬ ቁርስ አልበላሁም።

እኩሌታው ላይ፣ መንገዱ በሚጠመዘዝበት፣ ሽቅብ የሚመጡ ሁለት ሰዎች አየሁ። ሰይድና እማማ ሩቅያ ናቸው። ሊቀበሉኝ የመጡ መሰለኝ። ከዚያ ግን እማማ ሩቅያ ደረቷ ላይ ያቀፈችውን አየሁና ፈገግታዬ ጠፋ። የሰባት ቀን ልጅ በስሟ ቀን ይዞ ዳገት የሚወጣ ሰው የለም።

ሰይድ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ ከትናንት ጀምራ ጡት እምቢ አለች አለኝ። ከድጃ ወተቷ አብጦባት ታለቅሳለች፤ ልጅቷ አፏን አልከፍት አለች። ለእንግዳ ውኃ የተቀዳበት እንስራ፣ የታሰረው በግ፣ ሁሉም እንዳለ ትተውት ወደ እኔ እየመጡ ነው። እማማ ሩቅያ ልታጽናናው ነው መሰለኝ ቶሎ ብላ፣

«ቢሆንም ደህና ናት፤ ትስቃለች እኮ። ነይ እይያት እስቲ፣ ትስቃለች» አለችኝ።

ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። ልጅቷ እውነትም የምትስቅ ትመስላለች። ከንፈሯ ወደ ጎንና ወደ ጎን ተወጥሯል፣ ግንባሯ ተኮማትሯል፣ ዓይኗ ተጨፍኗል። የሰባት ቀን ልጅ እንዲህ አትስቅም። እጄን ከጀርባዋ ስር ሰደድኩ፤ ገላዋ እንደ ጣውላ ደርቋል። በዚያው ቅጽበት ከኛ በላይ አንድ ነጋዴ አህያውን ጮክ ብሎ ሲነዳ፣ ልጅቷ በእጃችን ላይ ወደ ኋላ ተለመጠች፣ ጡጫዋን ጨበጠች፣ ትንፋሿ ቆመ። ተመለሰ። እማማ ሩቅያ ቀና ብላ አየችኝ። ስንት ልጅ ያየች ሴት ናት፤ አውቃለች። እኔም አውቄአለሁ። መንጋጋ ቆልፍ ነው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ስዕሉን አይቼዋለሁ፣ ከስዕሉም ስር ምን እንደሚል አስታውሳለሁ።

ደብረ ብርሃን መድረስ አለብን አልኩ። 

ዳገቱን እንዴት እንደወጣነው አላስታውስም። መኪና መንገዱ ካለበት ጎረቤላ ስንደርስ አውቶቡሱ ሄዷል። አንድ እህል የጫነ መኪና ግን ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ቦታ የለኝም ሊል ሲል ጨርቁን ገልጬ አሳየሁት። ረዳቱን ከኋላ እህሉ ላይ አስወጣና ሦስታችንንም አስገባን። ጡሩንባ እንዳይነፋ፣ እንዳይጮህ፣ ጉድጓድ ሲያገኝ እንዲጠነቀቅ ለመንኩት፤ ድምፅና ግጭት ያንቀጠቅጣታል አልኩት። አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄድን ድንጋይ ላይ ወጣን፤ ልጅቷ ተለመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ማንም አልተነፈሰም።

ሾፌሩ መሪውን እንደያዘ፣ «እህቴ፣ ቀስ ብዬ ብነዳ ሰዓቱ ይሄዳል። ብፈጥን ልጅቷ ትጎዳለች። የቱን ልታዘዝ?» አለኝ።

 ቀስ በል አልኩት። ትንሽ ቆይቼ ፍጠን አልኩት። ደግሞ ቀስ በል። ሰውየው አንዴም አልተቆጣኝም። መንገዱ ላይ በግ የሚነዱ ሰዎች ሲያጋጥሙን ጡሩንባ መንፋት ትቶ፣ ቆሞ ረዳቱን እያስወረደ በእጁ ያስለቅቅ ነበር። ከነዚያ ሁሉ ሰዓታት ውስጥ ሳስበው ደግ ነገር ሆኖ የሚታየኝ ይኼ ሾፌር ብቻ ነው። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይኑ በድካም ቀልቷል። ልጅቷን አንዴ አይቶ መጋረጃው እንዲዘጋ፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ እንዳይሰማ አዘዘ። መርፌ ወጋት፣ ማስታገሻ ሰጣት። ሰይድን የሚያስፈልግ መድኃኒት አዝዞ ወደ ከተማ ላከው። ከዚያ ካርድ ይዞ ወደ እማማ ሩቅያ ዞረ።

ንዴቱ ገባኝ፤ በዚያ ሳምንት ብቻ ስንት እንዲህ ያለ ልጅ እንደቀበረ እግዜር ይወቅ። እትብቷ በምን እንደተቆረጠ ጠየቃት። መልሷን ግን አልጠበቀም። በምላጭ ነው? በማጭድ ነው? ምን ቀባችሁበት፣ እበት ነው አመድ? ድምፁን ለልጅቷ ሲል ዝቅ አድርጎ ነበር የሚቆጣት፤ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ቁጣ ደግሞ ይብሳል። ስንት ጊዜ ነው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ ብለን የምንለምናችሁ አላት።

እማማ ሩቅያ ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት አየች። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፤ የወቀሳ አስተያየት አልነበረም። ከዚያ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል። ያኔ መናገር ነበረብኝ።  በዚያ ዘመን ግን ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉም ነገር አሻጥር ነበር። አንድ የማውቀው የመጋዘን ሠራተኛ ክትባት ተበላሸበት ተብሎ ተወስዶ ሳይመለስ ቀርቷል። ያን አሰብኩ። ከዚያም ያነሰ ነገር አሰብኩ፤ ሲስተር የምባለው እኔ፣ የሚያምር ሠንጠረዥ ጸሐፊዋ፣ በዚህ ሰው ፊት ምን ልሆን ነው ብዬ አሰብኩ። ልጅ እየሞተች እኔ ያሰብኩት ይኼንን ነው። ስለ ራሴ የማውቀው እውነት ይህ ነው፣ አልደብቃችሁም።

ዶክተሩ መቆጣቱን ተወና ካርዱ ላይ መጻፍ ጀመረ። የልጅቷ ስም፣ ገና አልወጣም። ዕድሜ፣ ሰባት ቀን። የተወለደችበት ቦታ፤ «በቤት» ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ምን እንደሆንኩ አላውቅም። የሐሰት ቃል በወረቀት ላይ ሲሰፍር ማየት ነው መሰለኝ ያስነሳኝ።

«አይደለም፣ ዶክተር» አልኩ። «ጤና ጣቢያ ነው የተወለደችው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

እስክሪብቶው ቆመ። እማማ ሩቅያን አየ፣ እኔን አየ። በሩ ጋ ወሰደኝና በምን እንደቆረጥኩ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ላምባውን፣ ሰርኩላሩን፣ ሦስቱን ደረጃ፣ «እትብት ሥጋ ስላልሆነ» ያልኩትን። እንዲጮህብኝ ጠበቅሁ። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ደክሞት ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እትብት ሲታሰር ውጪው ደርቆ የሞተ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ክፍት የሆነ የደም ሥር አለ። ልጅ ከተወለደ በኋላ ለጥቂት ቀን ከዚያ የበለጠ ክፍት ቁስል የለውም። እናንተ የጻፋችሁት ስለ መቀሱና ስለሚቆርጠው ነገር ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ በልጁ ላይ ምን እንደሚቀር ማንም አልጠየቀም አለኝ። መቀሱን ሌላ ሥራ ትሠሩበታላችሁ ወይ ሲለኝ ያ ማረሻ የቆረጠው እግር ትዝ አለኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰይድ መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ወደ ጨለማው ክፍል ገባን። ልጅቷ አልፎ አልፎ ትለመጣለች። ፀሐይ ሊገባ ሲል እማማ ሩቅያ ለሰይድ፣ ቀኗ እንዳያልፍ፣ ስም ሳይኖራት እንዳትሄድ አለችው። እሱም ጎንበስ አለ። ድምፅ እንደሚያንቀጠቅጣት ቀኑን ሙሉ አይቷል። ስለዚህ ከንፈሩን ጆሮዋ ላይ አስጠግቶ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እንኳ በማልሰማው ድምፅ ስሟን ነገራት። ቀና ሲል ፊቱ እንባ ብቻ ነበር። «አልተለመጠችም» አለን። ስሟ ሰዓዳ ነው።

ሰዓዳ በማግስቱ ቀትር ላይ ሞተች። እናቷ ከታች፣ ወተቷ ደረቷን እያረጠበው ትጠብቃት ነበር።

ሰይድ ከመስጊዱ ሰዎች አግኝቶ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ሊቀብሯት ወሰዷት። ሴት ቀብር ስለማይሄድ እማማ ሩቅያና እኔ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ቀረን። ብርዱ ያንዘፈዝፋታል፤ ቆለኛ ናት። ጋቢ አለበስኳት። ከዚያ እማማ፣ የሰዓዳ ነገር በእኔ እጅ ነው ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። ለዶክተሩ ስትነግሪው በሩ ክፍት ነበር፣ ሰምቼአለሁ አለችኝ። ጋቢውን ወደ ራሷ ሰብሰብ አድርጋ፣

«ለከድጃ አትንገሪያት። ለሰይድም አትንገሪ» አለች።

ማወቅ አለባት፣ ትርገመኝ፣ ትክሰሰኝ፣ የፈለገችውን ታድርገኝ አልኳት። እማማ ሩቅያ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ለአንቺ ይቀልሻል፣ ልጄ። ለእሷስ? ነገ ሌላ ስታረግዝ ወደ ማን ልትመጣ ነው? ወደ እኔ? ከእኔ እጅ ስንት እንዳመለጡኝ ታውቂያለሽ? ምላጩን በእሳት አሳልፌም አምልጠውኛል። ልጄን ወደ አንቺ ያመጣኋት እኮ እኔ ፈርቼ ነው።»

ከዚያ ጋቢውን ተከናንባ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ አለቀስኩ። የማጽናናት ቃል እኔ ምን ብዬ አወጣለሁ።

ወደ አንኮበር ስመለስ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ያ ሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ፣ ያን ፋሻ የቆረጥኩት እኔ ነኝ እኮ እያሉ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። አይደለም ብላቸው አልሰሙኝም። ዶክተሩ ስሜን ሳይጠራ በራሱ ፊርማ ወደ በላይ ጻፈ፤ እትብት የሚቆርጥ ማንኛውም መሣሪያ አንደኛ ደረጃ ነው፣ ለብቻው ይቀመጥ የሚል ማረሚያም በየጤና ጣቢያው ደረሰ። ከዚያ በፊት የእኔን ዓይነት ዝርዝር የላኩ ሌሎች ነበሩ ወይ? አላውቅም። አንዳንድ ቀን ይህ ጥያቄ ብቻውን እንቅልፍ ይነሳኛል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሲስተር ብለው ሲጠሩኝ ጤና ረዳት ነኝ ማለት ጀመርኩ። ለአዳዲስ ልጆች ሥራ ሳስተምር፣ ዕቃ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቼ ደረጃ አስወጣቸዋለሁ። ፈጥኖ የመለሰልኝን አላመሰግንም። ይኼ ዕቃ ከነካው በኋላ ሰውየው ላይ ምን ክፍት ሆኖ ይቀራል እላቸዋለሁ። ክፉ አስተማሪ ናት ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። እናንተም፣ የምታነቡኝ፣ ሐኪም ባትሆኑ እንኳ አንድ ቀን ሰንጠረዥ ፊታችሁ ይቀርብ ይሆናል፤ ዕቃ ወይም ሰው በየደረጃው አስቀምጡ ትባሉ ይሆናል። አጠገባችሁ ያለ ሰው «ደምስ አይነካም እንዴ?» ካላችሁ እባካችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። እኔ ፈጣን መልስ ነበረኝ፤ መልሴም ትክክል ይመስል ነበር።

ስማቸውን ሁሉ ቀይሬዋለሁ። እማማ ሩቅያ በሕይወት የለችም፣ ከድጃም አረፈች፣ ሰይድም። የሚጎዳ ሰው ሲያልቅ ነው የጻፍኩት። ልጆቻቸው ይህን ካነበባችሁትና ራሳችሁን ካወቃችሁ፣ የታላቅ እኅታችሁ ነገር ይኸው ነው፤ ይቅርታችሁን እለምናለሁ፣ ባትሰጡኝም እረዳለሁ።

ከድጃ በሁለተኛው ዓመት ተመልሳ መጣች። በዚያው በቅሎ፣ በዚያው ዳገት፣ ምጧ ጀምሮ። እናቷ አብራት ነበረች፤ ከበሩ ጋ ቆማ አታየኝም፣ ዓይኗን ወደ ገደሉ አድርጋለች። ከድጃ አልጋው ላይ እንደወጣች እጄን ፈልጋ ያዘችው። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ግን ፈገግ አለችልኝ።

«ባለፈው እጅሽ ቀሎኝ ነበር» አለችኝ። «ባለፈው እንዳደረግሽው አድርጊልኝ።»

እሺ አልኳት። ባለፈው እንዳደረግሁት ግን አላደረግሁም።